የሸክላ ውሃ ማጣሪያ፦ ለድፍርስ ውሃ እሰየው፣ ለማንቆርቆሪያዬ ግን ምንም

ኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ ቁርስና ሻይ እሸጣለሁ። ዋናው ጠላቴ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ነው። የእኔ ቧንቧ ውሃ የፈላበት ዕቃ ሁሉ ውስጡ በኖራ የተለሰነ ይመስላል። ሳሙናውም አረፋ በማውጣት ፈንታ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ሳፋው ጠርዝ ላይ ይቀራል።

ማጣሪያውን የገዛሁት ደሴ ፒያሳ ካለ የዕቃ መደብር ነው። ሁለት ባልዲ ተደራርቦ፣ በላይኛው ውስጥ ውሃው ሰርጎ የሚያልፍበት፣ ሻማ የሚሉት ነጭ ሸክላ ቆሞበታል። ሻጩ «ከእንግዲህ ማንቆርቆሪያሽ አይነጣም» ብሎ ማለልኝ። ይነጣል፤ ያውም እንደ ድሮው።

ሸክላው የሚያስቀረው በቀዳዳው የማያልፈውን ነው፦ ጭቃውን፣ ዝገቱን፣ አብዛኛውን ባክቴሪያ። ካልሲየምና ማግኒዚየም ግን ውሃው ከመሬት በታች በዓለት መካከል ሲጓዝ ሟምተውበት የመጡ ናቸውና አብረውት ያልፋሉ። ውሃው ሲፈላ ካልሲየሙ ካርቦኔት ሆኖ ይጋገራል። እነዚህን የሚያስቀር መሣሪያ በጨው እየታደሰ የሚሠራ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሻጩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ከሆነ ይቅር ይበለው።

ለጤና የሚሰጋ ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ለእነዚህ ማዕድናት ጤናን መሠረት ያደረገ ገደብ አላስቀመጠም። በሊትር 200 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፉ ማሞቂያና ቧንቧ ላይ ቅርፊት ሊጋገር እንደሚችል ብቻ ይጠቅሳል። የሚጎዳው ኪሴ ነው፤ ቅርፊት የያዘ ማንቆርቆሪያ ቶሎ አይፈላም፣ ከሰል ይበላል።

ደሴ ያለችው እህቴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ በመጣች ቁጥር ሻዬን እያየች «ብርጭቆሽ ቅባት አልለቀቀም» ትላለች። ኧረ ቅባት አይደለም! ካልሲየሙ ከሻይ ቅጠሉ ጋር ተገናኝቶ ላዩ ላይ የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው፤ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ይጠፋል። ደንበኞቼ ሎሚ ስለሚወዱ ገበያዬን አልነካብኝም። ለማንቆርቆሪያውም ቢሆን ማጣሪያው ያልሠራውን አቼቶ ይሠራዋል፦ በውሃ በጥብጬ አፍልቼ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ቅርፊቱ በጣት ይነሳል።

ነገር ግን ክረምት ሲገባና ቧንቧው ቀይ ውሃ ሲተፋ ይህን ዕቃ በምንም አልለውጠውም። ከታች የሚወርደው ኩልል ያለ ነው። ቀርፋፋ ስለሆነ ማታ ሞልቼው አድራለሁ። ሻማው ቡናማ ሲሆንና ፍሰቱ ሲዘገይ ያለ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ አጥበዋለሁ። ስንጥቅ ካወጣ ግን መጣል ነው፤ ቆሻሻው በስንጥቁ ያልፋል።

የሚያናድደኝ ውሃ የምቀዳበት የፕላስቲክ መክፈቻው ነው፤ ገና ከመነሻው ያንጠባጥባል። ተለዋጭ ሻማ ለብቻው አለ ወይ ብዬ ብጠይቅም ሻጩ ሙሉውን ዕቃ እንደገና ግዢ አለኝ። ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ተለዋጭ ሻማ መኖሩን ጠይቁ፤ መክፈቻውንም ውሃ አስሞልታችሁ እዚያው ሞክሩት።