ውጤቱ ፈጠነ፣ የእኔ አልነበረም እንጂ

ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ ላብራቶሪ ነው፤ ስሙን ልተወው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም ሰጠሁ፤ 9 ሰዓት ሳይሞላ ውጤቱ በኢሜይል መጣ። ነርሷ እጇ ቀላል ነው፤ መርፌው መግባቱንም አላወቅኩም። እስከዚህ ድረስ አንጀት የሚያርስ አገልግሎት ነው።

ፒዲኤፉን ስከፍተው ግን የ61 ዓመት ሰውዬ የስኳር ውጤት ነው። ስማቸው፣ ስልካቸው፣ ሁሉም ተዘርግፏል። እኔ የ34 ዓመት ሴት ነኝ! ከግርጌ በደቃቅ ፊደል፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ መልእክቱ ምስጢራዊ እንደሆነና ለእኔ ካልተላከ እንዳጠፋው ይነግረኛል። እዚያ ስደርስ አንብቤ ጨርሻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ደወልኩ። «ውይ፣ ይቅርታ እህቴ! ግን እኮ ከታች ማስጠንቀቂያ አለው» አለችኝ እንግዳ ተቀባይዋ። ማስጠንቀቂያ ፋይል አይቆልፍም። እኔ ባጠፋው እንኳ እነሱ ጋ «የተላኩ» ውስጥ አለ። ጂሜይልና መሰሎቹ መልእክቱን መንገድ ላይ ያመሰጥሩታል፤ አድራሻው ከተሳሳተ ግን በጥንቃቄ የሚያደርሱት ለተሳሳተው ሰው ነው።

ፒዲኤፉን በይለፍ ቃል ቆልፎ ቃሉን በስልክ መንገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። እዚህ ቤት የደረሰ አይመስልም።

ለነርሷ አምስት ኮከብ፣ ለኢሜይሉ አንድ። የእኔ ውጤት ማን ጋ እንደሄደ እስካሁን አልነገሩኝም።