ኩራዙ ከ14 ወር በኋላ፦ በእጄ የሠራሁት የቲዩብ ሄድፎን አምፕሊፋየር

ስሙን ያወጣችለት እማዬ ናት። የመጀመሪያው ቀን ማታ የክፍሌን መብራት አጥፍቼ ሳዳምጥ በሩን ከፍታ ገባች። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ጠርሙሶች ቀላ ብለው ይበራሉ። «ምነው ልጄ፣ መብራት እያለ ኩራዝ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ስሙ ኩራዙ ነው።

ለመሥራት 3 ወር ፈጀብኝ። ሳዳምጥበት ደግሞ 14 ወር ሆነኝ። አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ሰሞን ሁሉ ነገሩ ያምራል። አሁን ግን ፍቅሩ ስለበረደ እውነቱን መናገር የምችል ይመስለኛል።

ውስጡ ያሉት ቲዩቦች (በድሮ ራዲዮ ውስጥ የነበሩት፣ ሲሞቁ የሚሠሩ የመስታወት ጠርሙሶች) ሁለት ብቻ ናቸው። ትንሹ 12ኤዩ7 ነው፤ አውሮፓውያን ኢሲሲ82 የሚሉት። ከስልኩ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ከፍ ያደርጋል። ትልቁ 6080 ነው። እሱ መጀመሪያ የተሠራው ለሙዚቃ ሳይሆን ቮልቴጅ ለሚያረጋጉ መሣሪያዎች ነው። ከረንት መስጠት ስለማይከብደው ሄድፎኑን በካፓሲተር (ቻርጅ በሚያጠራቅም ዕቃ) በኩል በቀጥታ ይነዳል፤ መውጫው ላይ ትራንስፎርመር የለም። ይህን አሠራር ኦቲኤል ይሉታል። በእነዚሁ ሁለት ቲዩቦች የሚሠራ ቦትልሄድ ክራክ የሚባል የታወቀ የአሜሪካ ኪት (ገዝተው ራስዎ የሚገጣጥሙት ዕቃ) አለ። እኔ ግን ኪቱን አልገዛሁም፤ ዕቃውን ከየቦታው ለቃቀምኩ። ትራንስፎርመሩንና ቲዩቦቹን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ በሻንጣው አመጣልኝ። ሳጥኑ ምናለሽ ተራ ያገኘሁት የሞተ ስታቢላይዘር ቆርቆሮ ነው። ጎንና ጎኑን የሰፈራችን አናጢ በዋንዛ አለበሰልኝ። ጠቅላላ ወጪውን አልናገርም፤ እማዬ ታነበዋለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ይህ ነገር በ5 ቮልት እንደሚሠራ መጫወቻ አይደለም። ይገድላል። ቲዩቦቹን ከመሰካቴ በፊት የፓወር ሳፕላዩን ክፍል ብቻውን ልፈትሽ አብርቼ ለካሁት። ወደ 195 ቮልት አሳየኝ። አጠፋሁት፣ ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ቡና ተፈልቶ ስለነበር ሄድኩ። አቦሉን ጠጥቼ ስመለስ እጄን ልሰድ ስል አንድ ነገር አሳሰበኝና መልቲሜትሩን አስቀደምኩ። 140 ቮልት። ሶኬቱ መሬት ላይ ተነቅሎ ተጋድሟል፣ ካፓሲተሮቹ ግን ሞልተው ይጠብቁኛል። ቲዩቦቹ ተሰክተው ሲሞቁ ቻርጁን ራሳቸው ቶሎ ይጠጡታል። ያለ ቲዩብ ግን የሚጠጣው የለም። ማፍሰሻ ሬዚስተር ማስገባት ነበረብኝ፣ ረስቼዋለሁ። ያን ቀን ላቤ በጀርባዬ ወረደ። በማግስቱ ባለ 220 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገባሁ። ዛሬም ክዳኑን ስከፍት መጀመሪያ እለካለሁ፣ ከረንት ከእጅ ወደ እጅ በልቤ በኩል እንዳያልፍ ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ።

ሁለተኛው ችግር የእኛው መብራት ነው። ትራንስፎርመሩ ለ120 ቮልት የተጠቀለሉ ሁለት መግቢያዎች አሉት። በተከታታይ ሲያያዙ 240 ቮልት ይፈልጋሉ። የእኛ 220 ነው። ያ ብቻውን ችግር አልነበረም፤ 6.3 ቮልት የሚፈልገው የቲዩቡ ማሞቂያ 5.8 ያገኛል፣ ይችለዋል። ግን ማታ ማታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ፣ ቮልቴጁ 195 ይወርዳል። ማሞቂያው ያኔ የሚያገኘው 5.1 ገደማ ነው። ድምፁ ደነዘዘብኝ፤ ከበሮው ከትራስ ሥር የሚመታ መሰለ። አንድ ወር ሙሉ ሶልደሬን ስጠራጠር ከረምኩ። በመጨረሻ ከፍሪጁ ስታቢላይዘር ተዋስኩና ጉዳዩ አለቀ። ከዚያ ፍሪጁ የራሱን ሲጠይቅ ሌላ ገዛሁ።

መብራት ድንገት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ሄድፎኑን መንቀል ልማድ ሆኖብኛል። ቲዩቦቹ ቀዝቅዘው ሲነሱ መውጫው ላይ ያለው ቮልቴጅ እስኪረጋ ጊዜ ይወስዳል፤ «ጧ» የምትል ድምፅ አለች። ውድ ሄድፎን ላይ ያቺን መስማት አልፈልግም። ሁለት ደቂቃ እጠብቃለሁ። የድሮው ሳሎን ራዲዮ ዜና እስኪያወራ ሲሞቅ የጠበቀ ሰው ይገባዋል።

የበገናው ነገር ግን እስካሁን ያስቀኛል። የሠራሁት ሰሞን ጾም ስለነበር የማዳምጠው በገና ብቻ ነበር። 10ሩ አውታር ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ያንን የሚነዝር ድምፅ ታመጣለች፣ ታውቁታላችሁ። «ቲዩብ ማለት ይኼ ነው! ንዝረቱ ደረቴ ድረስ ይገባል» እያልኩ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። አንድ ቀን ስልክ ተደወለና ሙዚቃውን አቆምኩት። በገናው ቆመ። ንዝረቱ አልቆመም። ለካ የግማሹ ባለቤት የእኔው ኩራዝ ነበር! የማሞቂያውን ሁለት ሽቦዎች ሳልገምዳቸው ከሲግናሉ ሽቦ ጎን ለጎን ዘርግቻቸው ነበር። በውስጣቸው የሚሄደው የ50 ኸርዝ ከረንት ቀላል አይደለም፤ 6080 ብቻውን 2.5 አምፒር ይጠጣል። ሽቦዎቹን እንደ ሹሩባ ገምጄ ወደ ሳጥኑ ጥግ አሸሸኋቸው። የግራውንድ (የመሬት) ሽቦዎቹንም አንድ ቦታ ሰበሰብኳቸው። አሁን ንዝረቱ ድምፁን ሙሉ ከፍቼ ካልሆነ አይሰማም። በገናውም ያው አሪፍ ነው፣ ትንሽ ግን ተሸማቀቅሁ።

ስለ ድምፁ ጥራት። የማዳምጠው በሴንሃይዘር ኤችዲ650 ሄድፎን ነው፤ ለከረንት ያለው ተቃውሞ 300 ኦም። ከእሱ ጋር ተስማምተዋል። የ1960ዎቹ የሸክላ ቅጂዎች ላይ ሳክስፎኑ ጆሮ አይወጋም፣ የዘፋኙ ትንፋሽ ቅርብ ነው። ከኩራዙ በጣም የሚረክስ፣ በቺፕ የሚሠራ ትንሽ አምፕም አለኝ። በመሣሪያ ቢለካ ያሸንፈዋል፣ አልከራከርም። ዓይኔን ጨፍኜ ወንድሜ እያቀያየረልኝ ስሰማ ከ10 ጊዜ 7ቱን ለየሁ። 7 ብዙ አይደለም። ግን ማታ እጄ የሚሄደው ወደ ኩራዙ ነው።

በ32 ኦም ሄድፎን ግን አይሆንም። የአምፑ የራሱ መውጫ 100 ኦም አካባቢ ስለሆነ ቮልቴጁ ሄድፎኑ ጋ ሳይደርስ ሦስት አራተኛው እዚያው ይቀራል። ባሱም ይላላል፤ ሞክሬው ጠላሁት።

ሌላው የሚያናድደኝ የድምፅ ማስተካከያው ነበር። 12ኤዩ7 ከሚያስፈልገኝ በላይ ያጎላል። ስለዚህ ማዞሪያው ከሩብ አያልፍም፣ እዚያ ሩብ ላይ ደግሞ ግራና ቀኙ እኩል አይደሉም። ዘፋኙ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብል ነበር። መግቢያው ላይ በየቻናሉ አንድ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጨመርኩና ሲግናሉ በግማሽ ቀነሰ። የሁለት ሬዚስተር ጉዳይ ነበር፤ 8 ወር ተሸክሜው ኖርኩ።

ቲዩብ መቀያየር? አራት ዓይነት 12ኤዩ7 ሞክሬያለሁ። ልዩነት አለ፣ ግን ሰው እንደሚያወራው አይደለም። አንዱን በጣት መታ ሲያደርጉት እንደ ደወል «ቲን» ይላል፤ እሱን አስወገድኩት። ትልቁን ስቀይር ምንም ልዩነት አልሰማሁም።

ሙቀቱን አትናቁት። ለሄድፎኑ 3 ሚሊዋት ለመስጠት ከግድግዳው ወደ 30 ዋት ይወስዳል። ክረምት ላይ እጄን አሞቅበታለሁ። ድመታችን አንዴ አጠገቡ ልትተኛ መጣችና ጢሟን አስነክታ ሸሸች። ከዚያ በኋላ የሽቦ ከለላ አደረግሁለት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ «ለእኔም ሥራልኝ፣ እከፍልሃለሁ» አለኝ። ሄድፎንህ ስንት ኦም ነው አልኩት። 32 አለኝ። ሶልደር ታውቃለህ ወይ፣ ቢበላሽ ትከፍተዋለህ ወይ አልኩት። ሳቀ። የቺፑን አምፕ ስም ጽፌ ሰጠሁት። ቲዩብ ሲበራ ማየት ካማረው ማታ እኛ ቤት ይምጣ፣ ቡናም አለ።