ቆልማማ እግር ይዞ ለተወለደ ልጅ የብርድ ወራት ጫማ፦ ሰልባጅ፣ አዲስ ስኒከር፣ የጎማ ቦት ወይስ «ልዩ ጫማ»?

ጥቅምት በገባ ቁጥር ጥያቄው ይጀምራል። ክሊኒክ ወረፋ ላይ የተዋወቅኳቸው እናቶች ይደውሉልኛል። «ልጄ ከእኩዮቹ ጋር ካልተጫወትኩ እያለ ነው፣ ምን ጫማ ልግዛለት?» እዚሁ ደብረ ብርሃን ያለችውም፣ ከጫጫ የምትደውለውም፣ ከሞላሌ የምትደውለውም ጥያቄያቸው አንድ ነው። ለእያንዳንዷ ከምደግመው አንዴ ልጻፈው አልኩ።

መልሴን ከፊት ላስቀድም። ያገለገለ የቆዳ ጫማ ግዙ። ከቁርጭምጭሚት ከፍ የሚል፣ በክር የሚታሰር፣ ሰልባጅ። አዲሱን ፎርጅድ ስኒከር ተዉት። «ለቆልማማ እግር የተሠራ» እየተባለ በውድ የሚሸጠውን ደግሞ አትጠጉት። የተረፋችሁን ብር ሌሊት ለሚታሰረው የማታ ጫማና ለክሊኒክ መመላለሻ አስቀምጡት።

የእኔ ልጅ አሁን አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሲወለድ ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር። ከሺህ ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ እንደሚወለድ ያኔ አላውቅም፤ በዓለም ላይ የእኔ ብቻ መስሎኝ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ። ሕክምናው ፖንሴቲ ይባላል፣ አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ይሠሩ በነበሩት በዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ስም። በየሳምንቱ ጀሶ እየተቀየረ እግሩ ቀስ በቀስ ይቃናል። የእኔው ስድስት ጀሶ ፈጀ። ከዚያ የተረከዙን ጅማት በትንሽ ቀዶ ጥገና ለቀቅ አደረጉለትና የመጨረሻውን ጀሶ ለሦስት ሳምንት አሰሩለት። ቀጥሎ ሁለት ጫማ በብረት የተያያዘበት ብሬስ መጣ። እኛ እናቶች የማታ ጫማ የምንለው ማለት ነው። መጀመሪያ ሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት ይደረጋል፣ ከዚያ እስከ አራትና አምስት ዓመት ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት።

ጎረቤት «ከጨዋታ አርቂው፣ እግሩ ይሰበራል» አለኝ። አልሰማሁም። በረዶ ባለበት አገር እንደ እኛ ልጆች ሆነው የተወለዱ በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ። አሜሪካዊቷ ክሪስቲ ያማጉቺ ቆልማማ እግር ይዛ ተወልዳ እ.ኤ.አ. በ1992 በአልበርትቪል የክረምት ኦሎምፒክ በበረዶ ላይ ዳንስ መሰል ውድድር ወርቅ ወስዳለች። የእግር ኳስ ተጫዋቿ ሚያ ሃምም እንዲሁ ተወልዳ ከአሜሪካ ቡድን ጋር ሁለት የሴቶች ዓለም ዋንጫ በልታለች። የበረዶ መንሸራተቻ ጫማን ፎቶ አይታችሁ ከሆነ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ወጥቶ፣ ተረከዙን ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ ከታች እስከ ላይ በክር ይታሰራል። እኔ ሰልባጅ ተራ ውስጥ ስዞር የምፈልገው ልክ እንደዚያ የሚይዝ ጫማ ነው።

እኛ በረዶ ባይኖረንም ብርዱ አለን። ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ይተኛል። ልጆቹ ግን ያንን ሣር ነው ኳስ የሚጫወቱበት፤ ታኅሣሥ ሲመጣ ደግሞ ገና አለ። ገና ለእግር ከኳስ ይብሳል። ሩሯን ለመቅደም ሮጠህ ድንገት ትዞራለህ፣ ዱላው ቅልጥምም ቁርጭምጭሚትም አይመርጥም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሏልና ከልጆቹ ጋር መጣላት የለም፤ ጫማውን ማሳመር ነው።

አሁን ወደ ዋጋ። የምነግራችሁ እኔ 2016 እና 2017 ዓ.ም. ላይ ከኪሴ ያወጣሁትን ነው።

ከልዩ ጫማው ልጀምር፣ ብዙ ብር የበላኝ እሱ ስለሆነ። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ሻጩ «ይሄ እግሩን ያቃናዋል፣ የማታውን ማሰር ትተዪዋለሽ» አለኝ። 6,000 ብሎ በ5,200 ሰጠኝ፣ ትራንስፖርቱን ሳልቆጥር። ሶሉ እንደ ጣውላ ድርቅ ያለ ነው፣ አይታጠፍም፣ ከባድ ነው። ልጄ ሁለት እርምጃ ሮጦ ይቆማል። ክሊኒክ ይዤው ስሄድ ባለሙያዋ አገላብጣ አየችውና «ቀን ቀን ማንኛውም ልጅ የሚያደርገው ጫማ ይበቃዋል፣ እግሩን እንዳይመለስ የሚይዘው የማታው ነው» አለችኝ። በሰባተኛው ወር ጠበበው። ልሸጠው ብል ገዢ አጣሁ። በወር ሲካፈል ከ740 ብር በላይ ነው፣ ያውም ላልሮጠበት ጫማ።

አዲሱ ስኒከር ዓይን ይስባል። የታወቀ ምልክት ተለጥፎበታል፣ መብራት የሚያበራም አለው፣ ልጁም እሱን ነው የሚይዘው። 1,400 ከፈልኩ። በ19ኛው ቀን የፊት ሶሉ አፉን ከፈተ። 80 ብር ከፍዬ በማስቲሽ አስለጠፍኩት፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ተከፈተ፣ እንደገና 80። ሦስተኛ ጊዜ ጫማ ሰፊው ራሱ «እህቴ፣ ብርሽን አታባክኚ» ብሎ የውስጡን ገልጦ አሳየኝ። ተረከዙ ስር ያለው ካርቶን ነው። የጠዋቱ ጤዛ ገብቶበት እንደ ራሰ ዳቦ አብጧል። ድምሩ 1,560 ብር ለሁለት ወር፣ በወር 780። ከብሩ በላይ ያናደደኝ ግን የጫማው ጀርባ ነው። ጨርቅ ብቻ ስለሆነ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይተኛል። የእኛ ልጆች ተረከዝ ትንሽ ነው፣ ባቱም ከሌላው ቀጠን ይላል፣ እንዲህ ባለ ጫማ ውስጥ ተረከዙ እየወጣ ይገባል።

የጎማ ቦት 380 ብር ነበር። ለክረምት ጭቃ ጥሩ ነው፣ ጥጃ ለማስገባት ጥሩ ነው። ለብርድ ወር ጨዋታ ግን አይሆንም። ጎማው ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ልጁ ሲሮጥ እግሩ ውስጡ ያልበዋል፣ ሲቆም ላቡ ይበርዳል። ማሰሪያ ስለሌለው ደግሞ እንዳያመልጠው ጣቶቹን አጥፎ ይሮጣል። በእሱ ላይ ብዙ አልልም።

ሰልባጁን ቁጥር 26 የቆዳ ጫማ በ700 ብር ገዛሁት። 950 ብሎኝ ነበር፣ ሁለት ገበያ ተመላለስኩበት። ዙሪያውን በክር ለማሰፋት 120፣ ለውስጥ ሶል 60፣ በድምሩ 880። 14 ወር አገለገለው፣ ሁለት ገና መሆኑ ነው። በወር 63 ብር አይሞላም። ዛሬም ሶሉ አልተላቀቀም፣ እግሩ ስላደገ ብቻ ነው ያወለቀው። ማሰፋቱን አትለፉት፤ በማስቲሽ ብቻ የተያዘ ሶል ጤዛ ሲመላለስበት እንደማይዝ በስኒከሩ አይቼዋለሁ።

ሰልባጅ ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ግለጡ። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አቁሙትና ከኋላ እዩት። የውጭው ጎን ካለቀ አትግዙ፣ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። የእኛ ልጆች እግር ልመለስ ሲል የሚሄደው ወደ ውስጥ ነው፣ ክብደቱ በውጭው ጎን ላይ ይወድቃል። በዚያ በኩል ያለቀ ጫማ ደግሞ ያንኑ ያግዘዋል። ቀጥሎ ጀርባውን በአውራ ጣት ተጫኑ፣ መጠንከር አለበት። ከዚያ ሶሉን እጠፉት፣ መታጠፍ ያለበት ጣቶቹ ጋ ነው። መሃሉ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ መልሱት። ቤት ስትገቡ በሳሙና እጠቡና ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አውሉት።

ቁጥር ላይ አንድ ነገር አለ። አንድ እግሩ ብቻ ቆልማማ የነበረ ልጅ ሁለቱ እግሮቹ እኩል አይሆኑለትም። የእኔው ያኔ ግራው 26፣ ቀኙ 25 ነበር። ሁለት ጥንድ የገዛች እናት አውቃለሁ፣ ያሳዝናል። በትልቁ እግር ለኩና ግዙ፣ ለትንሹ አንድ ተጨማሪ የውስጥ ሶል አስገቡ። 60 ብሩ የሄደው ለዚህ ነው።

አባቴ «ምን ጫማ ጫማ ትላላችሁ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል ሮም ላይ ያሸነፈ» ይለኛል። አበበ የእኛው አካባቢ፣ የጃቶ መንደር ልጅ ነው፣ በ1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ያሸነፈውም እውነት ነው። እኔም ፀሐይ ሞቅ ሲል በግቢ ውስጥ በባዶ እግሩ እለቀዋለሁ፣ አይጎዳውም። የታኅሣሥ ጠዋት አመዳይ ላይ ግን አላደርገውም።

ጫማውን ካልኩ የማታውን ሳልናገር አላልፍም፣ ምክንያቱም ከሁሉ የከፋው ስህተቴ እዚያ ላይ ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው የማታ ጫማው ጠበበው። ክሊኒኩ ቀጣዩን ቁጥር በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል አለን። ብረት የሚበይድ አንድ ባለሙያ ደግሞ «ናሙናውን አምጪ፣ እሠራዋለሁ» አለኝ። 900 ብር። መመላለሻው ቀረልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ከውጭ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ሁለት ነገር ላይ ነበር። ትክክለኛው ላይ የታመመው እግር ጫማ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ወደ ውጭ ይዞራል፣ ጤነኛው ከ30 እስከ 40። በያጁ ሁለቱንም ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ በየዳቸው። የክሊኒኩ ጫማ ደግሞ ተረከዙ ጋ ቀዳዳ አለው፣ ተረከዙ እታች መውረዱን በእሷ ነው የምታዩት። በያጁ «የተበላሸች መስላኝ» ብሎ ደፈናት። ተረከዙ ሳይወርድ ሲታሰር ሌሊቱን ያለቅሳል፣ እኛም አንጀታችን እየተላወሰ እንፈታዋለን። በአራተኛው ወር ቁጢጥ ሲል ቀኝ ተረከዙ መሬት አልነካ አለ። እንደገና ሦስት ጀሶ። አራት ጊዜ ለመመላለስ በየጊዜው 900 ብር ገደማ ወጣ፣ 3,600። የአንድ ጊዜ መመላለሻ ላትርፍ ብዬ ማለት ነው። በያጁን አልወቅሰውም፣ የጠየቅሁትን ነው የሠራው። እናንተ ግን አታሠሩ። ብረቱን ማሳጠርም ማስረዘምም፣ ዲግሪውን ማዞርም የክሊኒኩ ሥራ ነው። አዲሱ እስኪደርስ ምን እንደምታደርጉ ደውሉና ጠይቋቸው።

ከውጭ የሚመጣውን ለስላሳ ጫማ ያለውን ብሬስ የሚመኙ አሉ። ቆንጆ ነው፣ ዋጋው በዶላር በመቶዎች ነው። ኡጋንዳ ውስጥ የተጀመረው ስቲንቢክ የሚባለው በቆዳና በብረት እዚሁ አህጉራችን ላይ ይሠራል፣ የእኔን ልጅ ያቆመው እሱ ነው። በትክክል ከታሰረ እኔ ሌላ አልመኝም።

የደብረ ብርሃን ሌሊት ላይ ግን አንድ ችግር አለው፣ የጫማው ፊት ክፍት ስለሆነ ጣቶቹ ይበርዳሉ። አማቴ ከመንዝ በግ ጸጉር ወፍራም ካልሲ ሠርታ ላከች። አደረግኩለት። ካልሲው ወፍራም ስለሆነ ተረከዙ ልል ሆኖ ወጣ፣ እላዩም ላይ ቆሰለ። ለጫማው ውስጥ ቀጭን የጥጥ ካልሲ፣ ሳይጨማደድ። ሙቀቱን ከላይ አምጡት። ባና ቆርጬ ብረቱ የሚገባበት ሰፊ ከረጢት ሰፋሁ፣ ከወገቡ በታች እንዳለ ገብቶ ይተኛ ነበር። የአማቴን ካልሲ ከጫማው ፊት ጣቶቹ ላይ ብቻ አጠልቀው ነበር።

ገና ከመድረሱ በፊት ልጃችሁን ቁጢጥ አስብሉት። ሁለቱም ተረከዝ መሬት ከነካ ዱላውን ስጡት፣ ይጫወት። አንዱ ከተነሣ ጫማ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ክሊኒክ ሂዱ። የሚያደርገውንም ጫማ በየወሩ ገልብጣችሁ እዩ፣ የውጭው ጎን ቶሎ ቶሎ ካለቀ ያው ምልክት ነው።

የእኔው 26 ቁጥር ታጥቦ፣ ክሩ ተቀይሮ ቤት ተቀምጧል። የቀኙ ተጨማሪ ሶል አልወጣም። ቀኝ እግሯ ወይም ቀኝ እግሩ ቆልማማ የነበረ፣ ትልቁ እግር 26 የሚለካ ልጅ ካለ በነፃ ነው። እኔ 28 እየፈለግሁ ነው፣ ከ800 ብር በላይ ግን አልከፍልም።