"ላል ሲንግ ቻዳ"፦ ጥቅላችሁን አትጨርሱበት

የህንድ ፊልም የምትወዱ ሁሉ፣ ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። "ላል ሲንግ ቻዳ" የሚባለውን የአሚር ካን ፊልም "ከፎረስት ጋምፕ ይበልጣል" እያሉ የሚያሻሽጡ አሉ። እኔም አምኜ ቅዳሜ ማታ ከእናቴ ጋር ቁጭ አልን። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ተበላን።

ፊልሙ የተሰረቀ አይደለም፣ በፈቃድ የተሠራ ነው። ዋናው በፈረንጆቹ 1994 የወጣው፣ ቶም ሃንክስ የሠራበትና 6 ኦስካር የወሰደው "ፎረስት ጋምፕ" ነው። የህንዱ በ2022 ወጣ። በነፋስ የምትንሳፈፈው ላባ አለች። ሩጫው አለ። ፎረስት ቁጭ ብሎ ታሪኩን የሚያወራበት አግዳሚ ወንበር ባቡር ሆኗል፣ የያዘው ቸኮሌት ደግሞ ጎልጋፓ። እሱ እንኳን ደስ ይላል፣ የመንገድ ዳር ምግባቸው ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ልቤ ቆሞ ነበር። ዓመቱ 1984 ነው። የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ በሆኑ ጠባቂዎቿ ተገድላለች፣ ዴልሂ ውስጥ ሲክ የተባለ ሁሉ እየታደነ ነው። የዋናው ገጸ ባሕርይ የላል እናት የልጇን ጸጉር በመስታወት ስባሪ ትቆርጠዋለች። ለሲክ ጸጉር እምነት ነው፣ አይነካም። እናት ልጇ እንዲተርፍላት ብላ እምነቱን በገዛ እጇ ስትቆርጥ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "ውይ ልጄን" አለች። ይሄ ከአሜሪካኖቹ የተቀዳ አይደለም፣ የራሳቸው ቁስል ነው። በዚሁ ቢቀጥሉ ኖሮ ዛሬ እየዞርኩ እዩት እላችሁ ነበር።

ግን ሸሹ። ብጥብጥ ሲነሳ እናትየው ለላል "ወባ ገብቷል፣ ከቤት እንዳትወጣ" ትለዋለች። ልጅን እንዲህ ብሎ ማሳደር ያለ ነው፣ ይገባኛል። የሚያሳዝነው ፊልሙ ለእኛም እንደዚያው ማድረጉ ነው። በኋላ የመጣውን የሃይማኖት ግጭት በጨረፍታ እያሳየ ያልፈዋል። ማን ተጎዳ? ለምን? መልስ የለም።

ወታደሩም እንዲሁ ባክኗል። በዋናው ፊልም የፎረስት የጦር አዛዥ ሌተናንት ዳን ሁለት እግሩን አጥቶ "ለምን አዳንከኝ" እያለ ፎረስት ላይ ይጮሃል። ያ ቁጣ ነው ፊልሙን የተሸከመው። ህንዶቹ ጥሩ ነገር አስበው ነበር፦ ላል በ1999ኙ የህንድና የፓኪስታን የካርጊል ጦርነት ሳያውቅ የጠላት ተዋጊ ያድናል፣ መሐመድ የሚባል ፓኪስታናዊ። ትልቅ ሐሳብ! ታዲያ አንድ ጠላት በህንድ ሆስፒታል እንዴት ማንም "ማነህ" ሳይለው ታክሞ ይወጣል? ከዚያ የላል የንግድ ሸሪክ ይሆናል፣ ቁጣውም ቶሎ በረደ።

አሚር ካንን እወደዋለሁ፣ ለዚህ ነው የከፋኝ። በ57 ዓመቱ የኮሌጅ ተማሪ ሆኖ መጣ፣ ፊቱን በኮምፒውተር አለስልሰውለት። እናቱን የሆነችው ሞና ሲንግ በ16 ዓመት ታንሰዋለች። ዓይኑን ያፈጣል፣ በየንግግሩ መሃል "እምም" ይላል። "ፒኬ" የሚባለውን የቀድሞ ፊልሙን ያየ ሰው ያንኑ ፊት ያስታውሳል። ቶም ሃንክስ እኮ ረጋ ብሎ ነበር የሚያወራው፣ የዋህነቱን እኛ ነን ያገኘንለት።

"ፎረስት ጋምፕ"ን ያላያችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። በዚህኛው ከጀመራችሁ ታሪኩን አውቃችሁት ዋናው ይበላሽባችኋል። እሱን አስቀድሙ። የአሚር ካን ናፍቆት ከሆነ በ2007 ራሱ ያዘጋጀው "ታሬ ዛሚን ፓር" አለ፣ ማንበብ ስላቃተው ልጅ። ልጅ ያላችሁ አብራችሁ እዩት።

ፊልሙን አውርዳችሁ የጨረሳችሁ ካላችሁ፣ እናትየው ጸጉሩን እስክትቆርጥ ድረስ እዩና ዝጉት።