የጽሑፍ መልእክት ወይስ የቪዲዮ ጥሪ?
መስማት የተሳነው የደሴ ነዋሪ ኮምቦልቻ ካለ ዘመዱ ጋር ለመነጋገር ዛሬ ሁለት መንገድ አለው። አጭር የጽሑፍ መልእክት ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልክ ይሄዳል፤ ሆኖም በግዕዝ ፊደል አንዱ መልእክት ክፍተቱን ጨምሮ 70 ፊደል ብቻ ስለሚይዝ (በላቲን 160 ነው) ረዘም ያለው እንደ ሁለትና ሦስት ይቆጠራል። ከዚህ የሚከብደው ግን የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው በመሆኑ፣ በእሱ ላደገ ሰው በአማርኛ መጻፍ በሁለተኛ ቋንቋ መጻፍ መሆኑ ነው። በቪዲዮ ጥሪ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፎ ሁለቱንም እጁን ነጻ ካደረገ፣ ቅንድቡና ፊቱ ጭምር ይናገራሉ። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ግን ጣቶቹ ይደበዝዛሉ፤ የኢንተርኔት ጥቅሉም ቶሎ ያልቃል። ለጨዋታ ቪዲዮውን፣ ለዋጋና ለቀጠሮ ጽሑፉን እመርጣለሁ፤ ተመልሶ ይነበባልና።