ለመንጠቆ የቱ ይሻላል፦ ሊጥ ወይስ የዶሮ አንጀት?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር መንጠቆ ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ሁለቱም ከጓዳ የሚወጡ ናቸው።

ወጪ፦ ለሊጡ ከቡሆ ዕቃው የሚጠረገው እፍኝ ይበቃል። አንጀቱም የሚጣል ነው፤ ዶሮ ግን በየሳምንቱ አይታረድም።

አያያዝ፦ ሊጥ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። የጤፍ ሊጥ ጭራሽ አይሆንም፣ ውኃ ሲነካው ይበተናል። የስንዴውን ዱቄት ጨምሬ እስኪጠጥር አሸዋለሁ፤ የተፈለቀቀ ጥጥ ቀላቅዬበት፣ ሽምብራ አሳክዬ የመንጠቆውን ጫፍ እሸፍንበታለሁ። እንዲያም ሆኖ ደቃቅ ዓሦች ለቃቅመው ይጨርሱታል። አንጀት ግን ሁለት ሦስቴ ተወግቶ ከተጠመጠመ በቀላሉ አይለቅም።

ጣጣ፦ አንጀት ይሸታል። አንድ ቀን በፌስታል ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼው ቦርሳውን ጣልኩት።

ለቀን፣ ለዳር ውኃና ቆሮሶ (ቲላፒያ) ለሚባለው ዓሣ ሊጥ ይሻላል፤ ቆሮሶ በአብዛኛው የሚመገበው ዋቅላሚ፣ ማለትም ውኃ ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር፣ ስለሆነ ሥጋ ብዙም አያጓጓውም። ከልጆች ጋር ለሚሄድም እሱው ነው። አምባዛ ለፈለገ ግን አንጀት ነው፦ አምባዛ በጢሙ እየዳሰሰ፣ ሽታ እየተከተለ ከሥር ነው የሚመጣው፣ በተለይ ሲመሽ። ክሩ ወፈር ይበል፤ ትልቁ አምባዛ ቀጭን ክር በጥሶ ይሄዳል።