ማጥቃቱ ሲደርቅ፦ ኳርተርባኩን መቀየር ወይስ የማጥቃት አሰልጣኙን?

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ደጋፊ ቡድኑ ነጥብ ማስቆጠር ሲያቅተው ለሁለት ይከፈላል፦ ግማሹ ኳርተርባኩ (ኳስ እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ይቀየር ይላል፣ ግማሹ የማጥቃት አሰልጣኙ።

ኳርተርባኩን መቀየር፦ ወጪ የለውም፣ በአንድ እረፍት ያልቃል። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. የፍጻሜ ጨዋታ አላባማ በጆርጂያ 13 ለ 0 እየተመራ ዋና አሰልጣኙ ኒክ ሴባን ኳርተርባኩን ጄለን ኸርትስን አስቀምጠው ተጠባባቂውን ቱዋ ታጎቫይሎአን አስገቡ፤ ቡድኑ በተጨማሪ ሰዓት 26 ለ 23 አሸነፈ። ወንበር ላይ ቱዋ ካለ ነው እንግዲህ!

አሰልጣኙን መቀየር፦ የውል ገንዘብ ይበላል፣ በውድድር መሀል አዲስ ዕቅድ ማስተማርም ይከብዳል። አዮዋ በ2023 ለማጥቃት አሰልጣኙ ብራያን ፌረንትዝ በጨዋታ በአማካይ 25 ነጥብ የሚል ግብ ውሉ ላይ አስፍሮ ነበር፤ ቡድኑ 15 አካባቢ ቀረ። ዋና አሰልጣኙ አባቱ ናቸው፤ ደጋፊውን ይበልጥ ያበገነውም ይኸው ነው። መከላከሉ ግን 10 ድል አስገኘ።

ተቀባዮች ነፃ ሆነው ኳስ ካልደረሳቸው ኳርተርባኩ ይቀየር። ማንም ቢገባ ያው የተነቃበት ጨዋታ ከተደጋገመ አሰልጣኙ። ኳርተርባኩን የሚጠብቀው የተጫዋቾች መስመር ከፈረሰ ሁለቱም አያድኑም።